ከመሪው ስር የሚወርደው ቀይ ዘይት፦ የአሮጌ ኮሮላ ባለቤት ተሞክሮ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው መሪያቸው በዘይት ግፊት የሚታገዝ አሮጌ የቤት መኪኖችን ነው። የእኔዋ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች፣ ባለ 1600 ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ከእኔ በፊት ብዙ እጅ ያለፈባት። ቪትዝ የሚነዳ ሰው መሪው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የለውም፤ ከመኪናው ስር ቀይ ዘይት ካየ ምንጩን ካምቢዮው ዘንድ ይፈልግ። የአሮጌዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የመሪ ሳጥን ደግሞ አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ከምጽፈው ግማሹ አይጠቅማቸውም።

ችግሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ጠዋት መኪናዋን ከግቢ ለማውጣት መሪውን እስከ ጫፍ ስጠመዝዝ ከኮፋኖው ስር የማቃሰት ድምፅ ይሰማል፤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ይጠፋል። የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያውን ከፍቼ ሳይ ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዷል። ማጠራቀሚያው ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት አለ፤ አንዱ ለቀዝቃዛ፣ ሌላው ለሞቀ ዘይት። ብዙ ሰው ከረጅም መንገድ ተመልሶ ሞተሩ እንደጋለ ያይና በቀዝቃዛው ምልክት ለክቶ ሞልቷል ብሎ ይዘጋዋል። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ማየት ይሻላል። የመሪ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በዝግ መንገድ የሚዘዋወር ነው። ቀነሰ ማለት የሆነ ቦታ ፈሰሰ ማለት ነው።

ቀለሙም ይረዳል። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የራዲያተር ውሃ ቀይ ቀለም ቢኖረውም እንኳ በጣት ሲነኩት አይወፍርም፤ የኮሮላ የመሪ ዘይት ግን ቀይና ለስላሳ ነው። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ እዚህ ላይ ግራ መጋባት አለ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ዘይት ይጠቀማሉና። ያን ጊዜ የሚለየው የየትኛው መጠን እንደቀነሰ ነው። የእኔዋ ማርሽዋ በእጅ የሚቀየር በመሆኑ ከዚህ ጥርጣሬ ተገላግያለሁ።

ከመካኒክ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ፓምፑ በሞተሩ ቺንጋ ይዞራል፤ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ በወፍራም ቱቦ ወደ ስተሪንግ ራኩ ይገፋዋል። ራኩ ከሞተሩ ጀርባ በስተታች አግድም የተጋደመ ረጅም ሲሊንደር ነው። በውስጡ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ ጫፎቹ ታይሮድ በሚባሉ ማያያዣ ዘንጎች አማካኝነት የፊት ጎማዎቹን ይመራሉ። መሪውን ሲያዞሩ የመሪው አምድ ግርጌ ላይ ያለ ቫልቭ ዘይቱን ወደ አንዱ ወገን ይለቀዋል፤ ዘይቱም ዘንጉ ላይ ያለውን ፒስተን ይገፋል። መሪው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ከ60 ባር ሊያልፍ ይችላል። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ባር ገደማ መሆኑን ሲያስቡት ልዩነቱ ይገባዎታል። ይህን ግፊት የሚያግደው በዘንጉ ዙሪያ የተቀመጠ ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል የሚሉት ነው። ከእሱ ውጪ ባሉት ሁለት ጫፎች ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የላስቲክ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ዘይት ለመያዝ የተሠራ አይደለም፤ ሥራው አቧራና ጭቃ ዘንጉን እንዳይነካው መከላከል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የእኔ ታሪክ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ሽፋን ላይ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ውስጥ አንድ ወጣት መኪናዋ ስር በጀርባው ተንፏቆ ገባ፤ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ራኩ አልቋል፣ ይቀየር" አለኝ። ምርመራው ከዚህ አላለፈም። ልጁ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዘይት የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ራኩ ከሁሉም በታች ስላለ ማጠራቀሚያውም፣ ፓምፑም፣ ቱቦዎቹም የሚያፈሱትን እሱ ነው የሚቀበለው። ራኩ ረጥቧል ማለት ራኩ አፈሰሰ ማለት አይደለም። የጋራዥ ሰው ከስር አይቶ ብቻ ትልቁን ዕቃ እንዲቀይሩ ከነገረዎት አመስግነው ይሂዱ።

የፍሳሹን ምንጭ ለማግኘት ብልሃቱ ማጠብ ነው። ላቫጆ ወስጄ የሞተሩን ጀርባና ራኩን በሳሙና አሳጠብኩ፤ ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎቹን በፕላስቲክ አስሸፍኜ፣ ውሃው በኃይል ወደ ላስቲክ ሽፋኖቹ እንዳይተኮስ አስጠንቅቄ። ከደረቀ በኋላ ጓደኛዬ መሪው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን አስነሳና መሪውን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዞር ጀመር። እኔ ደግሞ በአንድ እጄ ባትሪ፣ በሌላው ነጭ ሶፍት ይዤ ከላይ ወደ ታች ሄድኩ። ማጠራቀሚያው የተሰነጠቀ ነው? ቀጭኑ የመመለሻ ቱቦ ማሰሪያው ላይስ? የፓምፑ ዘንግ ከመዘውሩ ጀርባ? የወፍራሙ ቱቦ ላስቲክ ከብረቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ? ሶፍቱን በእያንዳንዱ ላይ ጫን አድርጎ ማንሳት ነው፤ ቀይ ነጥብ ወዲያው ይታያል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሞተሩ እየሠራ እጅዎን ወደ ቺንጋው አያስጠጉ፤ ወፍራሙን ቱቦም በባዶ ጣት አይዳብሱ። ከቀዳዳ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። መኪናው ስር የሚገቡ ከሆነም ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ መደገፊያ ብረት ያስፈልጋል።

የእኔዋ የምታፈሰው ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው የመመለሻው ቱቦ ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ማሰሪያው ስር ተሰነጣጥቋል። ይህ ርካሽ ሥራ ነው፤ ብቻ የሚገዛው ቱቦ ዘይት የሚችል መሆን አለበት። የውሃ ቱቦ በመሪ ዘይት በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብጦ ይለሰልሳል። ቱቦውን ቀየርኩ፤ ፍሳሹ በጣም ቀነሰ፤ ግን አልቆመም። በዚህ የሚቆምላቸው ባለቤቶች አሉ። እነሱ ራክ ለመቀየር ያሰቡትን ገንዘብ ኪሳቸው ውስጥ አስቀርተዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የተገኘው ጎፋ አካባቢ በሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እጅ ነው። እሳቸው ባትሪም ሶፍትም አልፈለጉም፤ መጀመሪያ ያደረጉት ሁለቱን የላስቲክ ሽፋኖች በእጃቸው መጭመቅ ነበር። የግራው ባዶ ነው፤ አየር ብቻ። የቀኙ ከብዷል፤ ሲጨመቅ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። የፊቷን ጎማዎች ከመሬት አንስተው በመደገፊያ ካስቀመጡ በኋላ የቀኙን ሽፋን ማሰሪያ በካቻቢቴ ፈቱና ወደ ታይሮዱ ገፋ አደረጉት። የወጣው ዘይት ቀይነቱን ጥሏል፤ ቡናማ ሆኖ ደለል የመሰለ አሸዋ ተቀላቅሎበታል። የሽፋኑ የታችኛው እጥፋት ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ ነበር፤ ሽፋኑ ተዘርግቶ ካልታየ በስተቀር አይታወቅም።

ከዚያ መሪውን እስከ ግራ ጫፍ እንዳዞረው አዘዙኝ። ዘንጉ በቀኝ በኩል ረዝሞ ወጣ። በጨርቅ ጠርገው ባትሪ አበሩበት። ከላይ የሚያብረቀርቀው ብረት በታችኛው ጎኑ ላይ ጠቃጠቆ አውጥቷል፤ ዝገት የበላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች።

"ጥፍርህን በላዩ ላይ ጎትት፣ ልጄ" አሉኝ።

ጎተትኩ። ጥፍሬ ያዘ።

"ጥፍር የያዘ ዘንግ አዲስ ኦይል ሲል ይበላል። ዛሬ ብቀይርልህ ክረምቱን ሳትጨርስ ትመለሳለህ፤ ያን ጊዜ የምትረግመው እኔን ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?"

"ዘንጉ ንጹሕ የሆነ ራክ ፈልገህ አምጣ። ኦይል ሲሉን ያኔ እንቀይረዋለን።"

ነገሩ ከገባኝ በኋላ ግልጽ ሆነ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ወይም ቆሞ ሲያድር የዘንጉ ጫፍ ከኦይል ሲሉ ውጪ፣ ሽፋኑ ውስጥ ነው ያለው። ሽፋኑ ከተቀደደ የክረምት ጭቃና ውሃ እዚያ ገብቶ ይተኛል። ዘንጉ ይዝጋል። ቀጥሎ መሪውን በጠመዘዙ ቁጥር ያ የዛገው ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ በኦይል ሲሉ ከንፈር ላይ ይፋቃል፣ አሸዋውንም ይዞ ይገባል። የሚያፈሰው ኦይል ሲል ጥፋተኛ ይመስላል እንጂ መጀመሪያ የተበላሸው ከውጪ ያለው ርካሽ ላስቲክ ነው። በአዲስ አበባ ከኮብልስቶን ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ አቧራ ለሚመላለስ መኪና ይህ ላስቲክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገንዘቡን እስካሰባስብ ድረስ ዘይት እየጨመርኩ ነዳሁ። ይህ የሚቻል ነው፤ ግን ሁኔታ አለው። ቶዮታ ለእነዚህ ኮሮላዎች የሚያዘው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለውን ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሆንዳ መኪኖች የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ደግሞ አረንጓዴ ዘይት ነው የሚጠቀሙት፣ ከቀዩ ጋር አይቀላቀልም። ስለዚህ የማጠራቀሚያውን ክዳን ወይም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ሳያዩ ከሱቅ "የመሪ ዘይት ስጡኝ" ማለት ልክ አይደለም። መጠኑን በየሳምንቱ ያዩ፤ አንድ ጠርሙስ ከኋላ ይያዙ። ፓምፑ ዘይት ሳያገኝ ከዞረ በራሱ ብረት ይፋቃል፤ የተፋቀው ብናኝ ወደ ራኩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገነው አንድ ዕቃ መሆኑ ይቀራል።

ማቆም ያለብዎት መቼ ነው? ጠዋት የሞሉት ማታ ከጎደለ፣ ዘይቱ ወደ ጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚንጠባጠብ ከሆነና የቃጠሎ ሽታ ከመጣ፣ ወይም መሪው አንዴ ቀሎ አንዴ መክበድ ከጀመረ። በጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት እሳት ያስነሳል፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ መሪው ከጎማዎቹ ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ መታዘዙን አያቆምም፤ ግን በጣም ይከብዳል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረዱ ሳለ ድንገት መሪው ቢከብድብዎ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። አንዳንዶች ፓምፑ እንዳይቃጠል ቺንጋውን አውጥተው ይነዳሉ። ያ ቺንጋ ሌላ ምን እንደሚያዞር ሳያዩ እንዲህ ማድረግ አይገባም፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም ያዞራል።

ምክር የሚሰጠው ሰው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። አንዱ ፍሳሽ የሚያቆም ፈሳሽ ጨምር ይላል። እነዚህ ፈሳሾች የደረቀውን ጎማ አለስልሰው በጥቂቱ ያሳብጡታል፤ ዘንጉ ንጹሕ ሆኖ ኦይል ሲሉ በዕድሜ ብቻ ደርቆ ከሆነ ለጥቂት ወራት ዕረፍት ሊሰጡ ይችላሉ። የተቧጨረና የዛገ ዘንግ ግን በፈሳሽ አይለሰልስም። ሌላው "የፍሬን ዘይት ጠብ አድርግበት" አለኝ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉት። የፍሬን ዘይት ለሌላ ዓይነት ጎማ የተሠራ ነው፤ የመሪውን ኦይል ሲሎች መጀመሪያ ያሳብጣቸዋል፣ ፍሳሹ የቆመ ይመስላል፤ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ያለሰልሳቸውና ፓምፑን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ላይ ያበላሻል። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ብልሃት ነው። አሮጌ መኪና የምትገዙ ሰዎችም ማጠራቀሚያውን ከፍታችሁ ዘይቱን አሽትቱ።

ወደ ዋናው ጥገና ልምጣ። መንገዱ ሦስት ነው፤ የራስን ራክ ኦይል ሲል መቀየር፣ ያገለገለ ራክ መግዛት፣ ወይም አዲስ መግዛት። ዘንጉ ጥፍር ካልያዘ የመጀመሪያው ከሁሉም ይሻላል፤ ሌላውን አያስቡ። የያዘ ከሆነ ግን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ ይቻላል የሚሉ አሉ። ዘንጉ ሲላግ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘንግ ላይ ያው ኦይል ሲል አይጠብቅም። ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋንም አብሮ ይነሳል። መልሶ ክሮም አልብሶ በትክክለኛው ልክ የሚያወጣ ባለሙያ ካላገኙ ይህን መንገድ ይተዉት። እኔ ትቼዋለሁ።

ስለ አዲሱ ብዙ አልልም። ዋናው የፋብሪካ ዕቃ ዋጋው ከመኪናዋ ዕድሜ ጋር አይሄድም፤ ርካሹ ደግሞ ቫልቩ በትክክል ያልተስተካከለ፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን የሚስብ የሚያጋጥምበት ጊዜ አለ። ዋጋ በቁጥር የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋት የተነገረው ማታ የማይደገምበት ጊዜ አይተናል። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሮጌ ኮሮላ ያለን ሰዎች መኪናችንን ገና ብዙ ዓመት የምንነዳ ይመስለኛል፤ ያገለገለ ዕቃ መምረጥም መማር ያለብን ሙያ ሆኗል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄድኩት የአሮጌውን ራክ ፎቶግራፍ በስልኬ፣ የሊብሬውን ቅጂ በኪሴ ይዤ ነው። ሞዴሉንና የሻንሲ ቁጥሩን ሳይዙ "የኮሮላ ራክ" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የቱቦዎቹ መግቢያ አቅጣጫና የማሰሪያው ቦታ ከዓመት ዓመት ይለያያል። መሪያቸው በቀኝ ከነበሩ መኪኖች የወጣ ራክም አይገጥምም፤ መልኩ ግን ያሳስታል፣ ስለዚህ የመሪው አምድ የሚገባበት ጫፍ በየትኛው ወገን እንዳለ ያረጋግጡ። ዕቃውን ሲያዩ ከውጪ የተቀባ ቀለም አያታልልዎ። ሁለቱን የላስቲክ ሽፋኖች ገልጠው ዘንጉን በጥፍር ይፈትሹ፤ ሻጩ ሽፋኑን አልከፍትም ካለ አይግዙ። የመሪው አምድ የሚገባበትን ጫፍ በእጅ ይዘው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩት፤ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ቦታ ሊኖረው አይገባም። መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ከሁሉም በላይ ስለሚያገለግል ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፤ መሃል ላይ ላልቶ ዳር ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ያለቀ ነው። የቱቦዎቹ ቀዳዳዎች በክዳን ወይም በጨርቅ ተደፍነው የቆዩ ከሆነ ደግ ነው፤ ተከፍተው አቧራ ላይ የቆዩ ከሆነ ውስጡ አሸዋ አለ ብለው ይገምቱ። እኔ ያገኘሁት ላዩ ቆሽሾ ዘንጉ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር። ካልገጠመ እንደምመልሰው ከሻጩ ጋር ተስማምቼ፣ ደረሰኙ ላይም አጽፌ ወሰድኩት።

ያገለገለውን እንዳለ ገጥመን ብንሄድ ሥራው በግማሽ ባጠረ። ሽማግሌው ግን "ራክ ለማውረድ ከምንለፋው ልፋት ኦይል ሲል መቀየር ይቀላል፤ እጃችን ላይ እያለ አዲስ እናግባለት" አሉ፤ እኔም ተስማማሁ። ይህ የወሰንነው ምርጥ ውሳኔ ነው። ራኩ ከተፈታ በኋላ አሮጌዎቹን ኦይል ሲሎች በእጄ ይዤ ሄጄ ነው ኪቱን፣ ማለትም የኦይል ሲሎቹን ስብስብ፣ የገዛሁት፤ ጎማው ላይ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊሜትር ታትሟል፣ ከሱቁ ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው። አገር ውስጥ ያጡ ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሊያስመጡት ይችላሉ፤ ኪቱ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የሚይዝ ነገር አይደለም።

ሲገጠም ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ዘንጉ ወደ ሲሊንደሩ ሲመለስ በአዲሱ ኦይል ሲል መሃል የሚያልፈው ጥርሱ ነው፤ ጥርሱ ስለታም ስለሆነ ገና ሳይሠራ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ሽማግሌው ከለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀጭን ቅጠል ቆርጠው ጥርሱ ላይ ጠቀለሉት፣ ዘይት ቀቡት፤ ዘንጉ ካለፈ በኋላ ፕላስቲኩን ጎትተው አወጡት። የፒስተኑን ጠንካራ ነጭ ቀለበት ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ነው ለጥጠው ያስገቡት፤ ከገባ በኋላ በጣታቸው ዙሪያውን እየጫኑ ወደ ልኩ እስኪመለስ ጠበቁ። አዲስ ኦይል ሲል ገብቶለት በማግስቱ የሚያፈስ ራክ አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ደቂቃ የተጎዳ ነው። ባለሙያዎን ሲመርጡ "ጥርሱን በምን ትሸፍናለህ?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ብዙ ይነግርዎታል።

ራኩ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት መሪው ቀጥ ብሎ መታሰር አለበት። ኤርባግ ያላቸው መኪኖች መሪው ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ራኩ ወርዶ መሪው በነፃ ከተሽከረከረ ሽቦው ይበጠሳል። የመሪው አምድ ከራኩ ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያም በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ታይሮዱ ስንት ጥርስ እንደገባ መቁጠር ደግሞ ጎማው ከአላይመንት፣ ማለትም ከትክክለኛ አቅጣጫው፣ ብዙ እንዳይርቅ ይረዳል። ቱቦዎቹን ያለቅልቁ፤ አሮጌው ዘይት ውስጥ የተፋቀ ጎማና ብናኝ አለ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ማጣሪያ ወንፊት ካለ እሱም ይጸዳል፤ ካልጸዳ ፓምፑ ዘይት እያጠረው ማቃሰቱን ይቀጥላል። ወፍራሙ ቱቦ ፓምፑ ላይ በሚታሰርበት ብሎን ስር ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች በአዲስ መተካትም አይርሱ፤ አሮጌዎቹ ዳግም ሲጠብቁ አይደፍኑም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አየር ማስወጣት አለ፤ ብዙ ጋራዥ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዘይት እየተጨመረ መሪው ከጫፍ ጫፍ በዝግታ ደጋግሞ ይዞራል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና ነዳጅ ሳይረገጥ መሪው እንደገና ይዞራል፤ ጫፍ ላይ ግን ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዝም። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር አለ ማለት ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ አረፋው እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። መጨረሻ ላይ ማረጋገጫው ይህ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን መጠን ያዩ፣ ከዚያ ያጥፉት። ዘይቱ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ካለ አሁንም አየር ውስጡ አለ። ይህን ፈተና ሳያልፉ ከጋራዥ አይውጡ።

አላይመንት በዚያው ቀን ተሠራ። ራክ ቀይሮ አላይመንት መዝለል የፊት ጎማ ሲበላ ዋጋውን ያስከፍላል። ራኩ ከተገጠመ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል፤ ማጠራቀሚያው አልጎደለም፣ ሽፋኖቹም ሲጨመቁ ባዶ ናቸው። ለዓመታዊ ምርመራ ስሄድም ከመኪናዋ ስር ለማየት የሚጎነበሰውን ሰው ያለ ሐሳብ ጠብቄያለሁ።

አሁን የሞተር ዘይት በቀየርኩ ቁጥር መኪናዋ ከፍ ባለችበት ጊዜ ሁለቱን የላስቲክ ሽፋኖች በእጄ እዘረጋለሁ፤ እጥፋቱን በሙሉ፣ በተለይ የታችኛውን። ስንጥቅ ካለ በፕላስተር ወይም በሽቦ አስሮ ማለፍ አይሠራም፤ ሽፋኑ መቀየር አለበት። ለመቀየር ታይሮዱ ስለሚፈታ አላይመንት ያስፈልገዋል፤ ቢሆንም ከራክ ጋር ሲተያይ ዋጋው ከቁጥር አይገባም። ቆመው ሳሉ መሪውን አይጠምዝዙ፤ መኪናዋ በጥቂቱም ቢሆን እየተንቀሳቀሰች ቢዞር ግፊቱ ይቀንሳል። ጠባብ ቦታ ሲያቆሙም መሪውን ጫፍ ላይ ጨምድደው አይያዙ።

ከወጪዬ ትልቁን የወሰደው ያገለገለው ራክ ነው፤ ቀጥሎ የእጅ ዋጋ፣ ከዚያ ኪቱ፣ ዘይቱና አላይመንቱ። የእጅ ዋጋ ሲነጋገሩ አንድ ነገር አስቀድመው ይጨርሱ፦ ቢያፈስ መልሶ የማውረዱ ሥራ በዚያው ዋጋ ይካተታል ወይስ አይካተትም? ሽማግሌው ለሦስት ወር ኃላፊነት ወስደዋል፤ ለዚህም ነው ከሌላው ጋራዥ ጥቂት ጨምሬ የከፈልኳቸው። አሮጌውን ራክ ግን አልተውኩላቸውም፤ ቫልቩና የብረት ቱቦዎቹ ደህና ስለሆኑ ለመለዋወጫ ወስጄ ቤት አስቀምጫለሁ።